ሦስት ጨዋታ፣ ሰባት ዓመት

ሴፕቴምበር 2 ቀን 1939፣ ቅዳሜ ማታ፣ የእንግሊዝ አንደኛ ዲቪዚዮን መሪ ብላክፑል ነበር። ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ድል፣ ስድስት ነጥብ። (ያኔ ያሸነፈ የሚያገኘው ሁለት ነጥብ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ ያዙልኝ፤ በእኛ ስቆጥር እናገራለሁ።) በማግስቱ እሁድ ረፋድ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔቪል ቻምበርሊን በሬዲዮ ቀርበው አገራቸው ከጀርመን ጋር ጦርነት መግባቷን ተናገሩ። መንግሥት ሰው የሚሰበሰብበትን ቦታ ሁሉ ዘጋ። ሲኒማውም፣ ቲያትሩም፣ ኳሱም ቆመ። ሲኒማው ብዙም ሳይቆይ ተከፈተ። ቀጣዩ የሊግ ጨዋታ ግን የተካሄደው ኦገስት 31 ቀን 1946 ነው። ሰባት ዓመት ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው።

ይህን የድሮ ወሬ ዛሬ ለምን እንዳመጣሁት ወደ በኋላ እደርስበታለሁ። ቀልጠፍ ያለ አንባቢ ከወዲሁ ሳይጠረጥር አይቀርም። ለጊዜው ግን እዚያው እንግሊዝ እንቆይ። እኛ አገር ቅዳሜና እሁድ ከዲኤስቲቪ ቤት የማይጠፋው ሰው የመድፈኞቹንና የቀያዮቹን ታሪክ ከራሱ የዘር ሐረግ በላይ ያውቃል፤ ማን በስንተኛው ደቂቃ እንዳገባ ይነግርሃል። ስለነዚህ ሰባት ዓመታት ግን ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ኳስ እየዘገብኩ እንጀራ የበላሁባቸው ዓመታት ነበሩ፤ ያኔም ቢሆን ከ1939 ቀጥሎ 1946 እንደሚመጣ እንደ ተራ ነገር አልፈነው እንሄድ ነበር።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች እንዲህ አላደረጉም። በ1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ ሊጉ ቀጠለ። የ1914/15 ውድድር እስከ መጨረሻው ተካሂዶ ኤቨርተን ዋንጫውን ወሰደ። ስድቡ ግን አይጣል ነበር። ልጆች ፈረንሳይ ምሽግ ውስጥ እየሞቱ እናንተ ቁምጣ ለብሳችሁ ትሯሯጣላችሁ ተባሉ። በዚያ ዓመት ኦልድ ትራፎርድ ላይ የተደረገው የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ተመልካቹ በብዛት ወታደር ስለነበር "የካኪ ፍጻሜ" የሚል ስም ወጣለት። ያ ስድብ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ከክለቦቹ ጆሮ አልወጣም። ስለዚህ በ1939 ማንም ሳይከራከር ቆሙ። የተደረጉት ሦስት ጨዋታዎችም ከመዝገብ ተሰረዙ።

ሲሰረዙ የሰው ሥራም አብሮ ተሰረዘ። በዚያች የመጨረሻ ቅዳሜ የአርሰናሉ አጥቂ ቴድ ድሬክ ሰንደርላንድ ላይ አራት ግብ አገባ። አራቱም አይቆጠሩም። ድሬክ በጦርነቱ ዓመታት ሲጫወት ጀርባውን ተጎድቶ ጫማ ሰቀለ፤ ወደ ሊጉ አልተመለሰም። በሕይወቱ ለመጨረሻ ጊዜ በሊግ ጨዋታ ያገባቸው ግቦች በመዝገብ የሉም ማለት ነው።

ኳስ ጨርሶ አልጠፋም። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ በየአካባቢው የተከፋፈለ የጦርነት ጊዜ ውድድር ተጀመረ። የቦምብ ስጋት ባለባቸው ከተሞች መጀመሪያ የተፈቀደው ተመልካች 8 ሺህ ብቻ ነበር፤ በኋላ ወደ 15 ሺህ ከፍ አለ። ተጫዋቹ ለአንድ ጨዋታ የሚከፈለው 30 ሺልንግ ነው። ውሉ ታግዷል፤ አብዛኛው ወታደር ቤት ገብቷል። የትም ይመደብ፣ ቅዳሜ ሲመጣ በአቅራቢያው ላለ ክለብ "እንግዳ" ሆኖ ይጫወታል። ከዚህ የተነሳ አልደርሾት የሚባል፣ በሦስተኛ ዲቪዚዮን ይኖር የነበረ ትንሽ ክለብ፣ የጦር ሰፈር ከተማ በመሆኑ ብቻ እንደ ፍራንክ ስዊፍት፣ ስታን ከሊስ፣ ጆ መርሰርና ቶሚ ላውተን ያሉ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾችን አሰልፎ ነበር። ዛሬ ቢሆን ምን ዓይነት ዝውውር ነው ብለን ጉድ እንል ነበር።

ሃይበሪ የአየር ጥቃት መከላከያ ጣቢያ ሆነ። አርሰናል በእንግድነት የሚጫወተው ዋይት ሃርት ሌን፣ በቶተንሃም ሜዳ ነበር። (የዛሬ ደጋፊዎች ይህን ዝም ብለው ይዋጡት።) ኦልድ ትራፎርድ በማርች 1941 በጀርመን ቦምብ ተመታ፤ ማንቸስተር ዩናይትድ እስከ 1949 ድረስ የጎረቤቱ የሲቲ ተከራይ ሆኖ ሜን ሮድ ላይ ተጫወተ። የሸፊልድ ዩናይትድ ሜዳ ብራማል ሌንም በዲሴምበር 1940 ተደበደበ። የቦልተን ተጫዋቾች ደግሞ በብዛት ተያይዘው ወታደር ቤት ገቡ። አምበላቸው ሃሪ ጎስሊን ጦርነቱ ከመፈንዳቱ ወራት ቀደም ብሎ በሜዳቸው በርንደን ፓርክ ፊት ለፊት ቆሞ ደጋፊው ለአገሩ እንዲዘጋጅ ተናግሮ ነበር። ተናግሮም አልቀረ፤ እሱና ጓደኞቹ በአንድ የመድፈኛ ክፍለ ጦር ተመዘገቡ። ጎስሊን በዲሴምበር 1943 ጣልያን ውስጥ ቆስሎ ሞተ።

አሁን ወደ መመለሱ እንምጣ፤ ለኔ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

ጦርነቱ አውሮፓ ውስጥ ያበቃው በሜይ 1945 ነው። ሰው "በቃ ኦገስት ላይ ሊጉ ይጀመራል" ብሎ ጠበቀ። አልተጀመረም። ተጫዋቹ ገና ከወታደርነት አልተሰናበተም፤ ግማሹ ጀርመን፣ ግማሹ ህንድ ነው። ባቡሩ ወታደር እያመላለሰ ነው። ስለዚህ 1945/46ን በሰሜንና በደቡብ ምድብ ተከፋፍለው ገፉት። ኤፍኤ ካፕ ግን ተመለሰ። የሊግ ጨዋታ ስለሌለና ክለቦቹም ገቢ ስለጠማቸው ከግማሽ ፍጻሜው በፊት ያለውን ዙር ሁሉ በደርሶ መልስ አደረጉት።

የሕዝቡ ኳስ ርሃብ ምን ያህል እንደነበር ለማየት ኖቬምበር 1945 ይበቃል። ዲናሞ ሞስኮ ለጉብኝት መጣ። ቼልሲ ጋር 3 ለ 3፣ ካርዲፍን 10 ለ 1፣ አርሰናልን በጭጋግ ውስጥ 4 ለ 3፣ ሬንጀርስ ጋር 2 ለ 2። ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ሰው ጣሪያ ላይ ወጣ፣ እስከ ሜዳው መስመር ድረስ ፈሰሰ። ጆርጅ ኦርዌል በዚያው ሰሞን ትሪቡን ላይ በጻፈው አስተያየት በአገሮች መካከል የሚደረግ ስፖርት ጥላቻን ያባብሳል እንጂ ወዳጅነት አያመጣም ብሎ ተከራከረ። ኦርዌልን አከብረዋለሁ፤ በዚህ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። እሱ ያየው ሜዳው ውስጥ ያሉትን ሃያ ሁለት ሰዎችና የጋዜጣውን ጩኸት ነው። ጣሪያ ላይ የወጣው ሰው ሩሲያን ሊጠላ የወጣ አይመስለኝም። ስድስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ መብራት አጥፍቶ የኖረ ሰው ነው፤ ሰው መሃል ሊቆም፣ ሊጮህ ነው የመጣው።

ያ ርሃብ ግን ሰው በላ።

ማርች 9 ቀን 1946። ቦልተን ከስቶክ ሲቲ፣ የኤፍኤ ካፕ ስድስተኛ ዙር የመልስ ጨዋታ፣ በርንደን ፓርክ። ስቶክ ስታንሊ ማቲውስን ይዞ መጥቷል። በመግቢያው የተቆጠረው ሰው ከ65 ሺህ በላይ ነው፤ ግቢው ውስጥ የነበረው ግን ወደ 85 ሺህ እንደሚደርስ ተገምቷል። ከጦርነቱ ጊዜ ጀምሮ መንግሥት ለዕቃ ማከማቻ የወሰደው የሜዳው ክፍል ገና አልተመለሰም፤ በዚያ በኩል ያሉት መግቢያዎች ዝግ ናቸው። ሰው ሁሉ በአንድ ወገን ተጨናነቀ። በሩ ከተዘጋ በኋላም በአጥርና በባቡር ሐዲዱ በኩል እየዘለለ ገባ። አንድ አባት ልጁን ይዞ ከጭንቁ ለመውጣት የተቆለፈ በር ከፈተ፤ በዚያው በር ከውጭ ያለው ሕዝብ ጎረፈ። ሁለት የብረት ድጋፎች ተሰበሩ። 33 ሰው ሞተ፣ በመቶዎች ተጎዱ።

ጨዋታው ቆመ። ተጫዋቾች ወደ መልበሻ ክፍል ገቡ። ሬሳዎቹ በሜዳው ዳር ተደርድረው ኮት ተከናነቡ። ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ሕዝቡ ቢበተን የባሰ ትርምስ ይመጣል በሚል ጨዋታው እንዲቀጥል ተወሰነ። የሜዳው መስመር በሰው ተሸፍኖ ስለነበር በሰጋቱራ አዲስ መስመር አሰመሩ። ዕረፍት ሳይወጡ ጎን ብቻ ቀይረው ጨረሱት። 0 ለ 0። በደርሶ መልስ ውጤት ቦልተን አለፈ።

ይህን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ የምቆመው ሰጋቱራው ላይ ነው። ያንን መስመር ያሰመረው ሰው ክፉ ሰው አልነበረም። ምናልባት ራሱ ከጦር ሜዳ የተመለሰ፣ ሬሳ ማየት የለመደ ሰው ነው። አንድ ሕብረተሰብ ሞትን ከለመደ በኋላ ኳሱን ሲመልስ እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ነው እንጂ በሰማንያ ዓመት ርቀት ላይ ቆሞ መፍረድ ቀላል ነው። የምፈርደው ከዚያ በኋላ በሆነው ላይ ነው። አጣሪ ተቋቁሞ ሜዳዎች ፈቃድ ይውሰዱ፣ ተመልካች ይገደብ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። አስገዳጅ ሕግ የወጣው በ1975 ነው፤ ያውም በ1971 ግላስጎው አይብሮክስ ላይ 66 ሰው ካለቀ በኋላ። ለመመለስ የቸኮለ ኳስ የመግቢያ ገንዘቡን ይቆጥራል፣ የብረቱን ድጋፍ ግን አይፈትሽም።

ከሰባት ሳምንት በኋላ ዌምብሌይ ላይ ደርቢ ካውንቲ ቻርልተንን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በዚያ ጨዋታ ኳሷ ራሷ ፈነዳች፤ የጦርነት ጊዜ ቆዳ ነገር። ዋንጫው ከ1939 ጀምሮ ፖርትስማውዝ ጋር ነበር፤ ሰባት ዓመት ሙሉ የሚረከባቸው አጥተው አቆይተውታል።

ከዚያ ኦገስት 31 ደረሰ። እንግሊዞች ያን ቀን ያደረጉትን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። ለ1946/47 አዲስ የጨዋታ መርሐ ግብር አላወጡም። የ1939ኙን አወጡት። በ1939 የመጀመሪያ ቀን ማን ከማን ጋር፣ የት እንደተጫወተ፣ በ1946ም እንደዚያው። አርሰናል ያኔ ወደ ዎልቭስ ሄዶ 2 ለ 2 ወጥቶ ነበር፤ አሁንም ወደ ዎልቭስ ሄደ። 6 ለ 1 ተቀጠቀጠ። መርሐ ግብሩ ያው ነው፣ ማሊያው ያው ነው፤ ሰዎቹ ግን ሰባት ዓመት አርጅተዋል። አርሰናል ዘጠኝ ተጫዋቾቹን በጦርነቱ አጥቷል።

ቶሚ ላውተን በ1938/39 ከኤቨርተን ጋር ሻምፒዮን ሲሆን፣ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሲባል፣ ዕድሜው 19 ነበር። ሊጉ ሲመለስ 26 ሞልቶታል፤ ክለቡም ቼልሲ ሆኗል። አንድ አጥቂ ከሃያ እስከ ሃያ ስድስት ያለውን ዕድሜውን ከቀማኸው ምን ተረፈው? ቦብ ፔዝሊ በሜይ 1939 ለሊቨርፑል ፈረመ፤ ሰሜን አፍሪካና ጣልያን ሲዋጋ ከርሞ የመጀመሪያ የሊግ ጨዋታውን ያደረገው በ27 ዓመቱ ነው። የቀረውን የፔዝሊን ታሪክ የሊቨርፑል ደጋፊ ከኔ በላይ ያውቀዋል።

አገሪቱም አሸነፈች ይባል እንጂ ተርባ ነበር። ዳቦ በጦርነቱ ዘመን በራሽን አልነበረም፤ በራሽን የሆነው በጁላይ 1946፣ ሊጉ ከመጀመሩ አንድ ወር ቀደም ብሎ ነው። ልብስም በኩፖን ስለነበር ማሊያ መግዛት ራሱ ጣጣ ነበር። የሊቨርፑሉ አሰልጣኝ ጆርጅ ኬይ ብልህ ሰው ነበሩ፤ በዚያ ዓመት ልጆቻቸውን ለጉብኝት አሜሪካ ወሰዷቸው፤ ስጋና እንቁላል በልተው፣ ጉልበት አውጥተው ተመለሱ። የዚያ ዓመት ሻምፒዮን ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? ሊቨርፑል።

ያም ቢሆን በጭንቅ ነው። የ1947 ክረምት ከባድ ነበር፤ ሜዳው በረዶ፣ ከሰሉ አለቀ፣ መንግሥት ሠራተኛ ከፋብሪካ እንዳይቀር በሥራ ቀን ስፖርት ከለከለ። ጨዋታ እየተራዘመ እየተራዘመ ውድድሩ ያለቀው ጁን 14 ነው። በዚያ ቀን ስቶክ ሲቲ ቢያሸንፍ ዋንጫው የእሱ ነበር። የተጫወተው በቦምብ በተመታው ብራማል ሌን ነው፤ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ከጥቂት ሳምንት በፊት ስታንሊ ማቲውስን በ11,500 ፓውንድ ሸጦታል። ለማን? ለብላክፑል።

በዚያ የውድድር ዘመን ወደ 35 ሚሊዮን ተኩል ትኬት ተቆረጠ። በ1948/49 ከ41 ሚሊዮን አለፈ። የእንግሊዝና የዌልስ ሕዝብ ያኔ ሲደመር ከ44 ሚሊዮን አይበልጥም። ያ ቁጥር ከዚያ ወዲህ አልተደገመም።

አሁን ወደ ቤታችን።

በኖቬምበር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የሚጫወቱ ሦስት የትግራይ ክለቦች ነበሩ፤ መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ። መቐለ በእኛ አቆጣጠር የ2011 ሻምፒዮን ነው። የ2012ቱ ውድድር በኮቪድ ምክንያት ተሰረዘ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እዚህ ላይ ነው ከእንግሊዝ የምንለየው። እንግሊዝ ሁሉም ቆመ። እኛ ዘንድ ሊጉ አልቆመም፤ ሦስቱ ብቻ ጎደሉ። እንዲያውም ፕሪሚየር ሊጉ በዲኤስቲቪ በቀጥታ መተላለፍ የጀመረው በዚያው የውድድር ዘመን ነው። እኛ ካፌ ተቀምጠን "ጥራቱ እንዴት ያምራል" ስንል ከሦስቱ ክለቦች ከተሞች ጋር ስልክ እንኳ አይገናኝም ነበር።

ይህን የምለው ሊጉ መቆም ነበረበት ለማለት አይደለም። ባይቆም ይሻላል የሚሉ ክርክሮች አሉ፤ የተጫዋች ደመወዝ አለ፣ የሌላው አካባቢ ደጋፊ አለ። የምለው ሲቆም ሁሉም ተመሳሳይ ባዶ ቦታ ይዞ ይቀራል፤ ሳይቆም ሲቀር ግን ባዶው የጥቂቶች ብቻ ይሆናል ነው። የላውተንን ታሪክ የሚያነብ እንግሊዛዊ 1939 ካለ በኋላ 1946 ሲያይ ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ አጎቱም፣ አያቱም፣ ሰፈሩም ያ ቀዳዳ አለባቸው። የእኛን የደረጃ ሰንጠረዥ የ2013ን፣ የ2014ን ብታዩት ሙሉ ነው። ምንም የጎደለ አይመስልም።

የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው በኖቬምበር 2022 ነው። ክለቦቹ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ የተመለሱት በ2024/25፣ በእኛ 2017 ነው። የሊጉ ተሳታፊ ወደ 19 ከፍ ብሎ ሦስቱም በነበሩበት እርከን ገቡ። "ለምን ከታች አይጀምሩም? አራት ዓመት አልተጫወቱም" የሚል ክርክር በየማኅበራዊ ሚዲያው ሲነሳ አይቻለሁ። ለዚህ ክርክር ኳስ ራሱ ሁለት መልስ አለው። በ1946 እንግሊዞች ሁሉንም ክለብ በ1939 በነበረበት ዲቪዚዮን መለሱ፤ ጦርነት ማንንም አያወርድም፣ ማንንም አያሳድግም አሉ። በ1919 ግን ሌላ አደረጉ። አንደኛ ዲቪዚዮንን ከ20 ወደ 22 ሲያሰፉ የመጨረሻውን ቦታ በድምፅ ሰጡ። ቶተንሃም ከጦርነቱ በፊት ከአንደኛ ዲቪዚዮን መጨረሻ የነበረ ነው፤ አርሰናል ደግሞ በሁለተኛ ዲቪዚዮን ከባርንስሊና ከዎልቭስ በታች የጨረሰ። አርሰናል 18 ድምፅ አገኘ፣ ቶተንሃም 8። የአርሰናሉ ሊቀመንበር ሄንሪ ኖሪስ ከመጋረጃ ጀርባ ምን እንደሠሩ እስከ ዛሬ ይወራል። አርሰናል ከዚያ ወዲህ ወርዶ አያውቅም፤ ቶተንሃም ከመቶ ዓመት በኋላም አልረሳውም። ከጦርነት በኋላ የሚደረግ የቦታ ድልድል ቂም ከያዘ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ስለዚህ ሦስቱን ክለቦች በቦታቸው መመለሱ ትክክል ነበር፤ ሲሆን ሲሆን ሌላ የተሻለ መንገድም የለም።

ግን ቦታ መስጠት አንድ ነገር ነው፣ ያለፈውን በስሙ መጥራት ሌላ። ከነዚህ ክለቦች በአንዱ ከሚጫወት ልጅ ጋር አዳማ ላይ ሻይ ጠጥተናል። ስሙን አልጠቅስም፤ እሱም እንዳልጠቅሰው ነግሮኛል። ጦርነቱ ሲጀመር 21 ዓመቱ ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ታኬታውን ሸጦ ዱቄት ገዛ። "የሸጥኩለት ልጅ እግሩ ከኔ ያንሳል፤ ካልሲ ደርቦ ነው የሚያደርገው" አለኝና ሳቀ። ከዚያ ሲመለስ 25 ሞልቶታል። አንድ የውጭ ክለብ የላከለትን ቅጽ በስልኩ አሳየኝ። በየዓመቱ የተጫወትክበት ክለብ፣ የጨዋታ ብዛት፣ ግብ ይላል። አራት መስመር ባዶ ነው። "ምን ብዬ ልሙላው?" አለኝ። ጉዳት ደርሶበት እንደሆነ ይጠይቁታል። ታግዶ ነበር ወይ ይሉታል። አሁን ጉዳት ብሎ ለመጻፍ እያሰበ ነው።

እኔ ለዚህ ጥያቄ ያለኝ መልስ ትንሽ ነው፤ የሰላም ስምምነት የሚተካ አይደለም። የሊጉ አስተዳዳሪና ፌዴሬሽኑ የ2013፣ የ2014፣ የ2015ና የ2016 ሰንጠረዦችን ሲያትሙ ከሥር አንድ መስመር ይጨምሩ፤ እነዚህ ሦስት ክለቦች በጦርነት ምክንያት አልተሳተፉም ይበሉ። የልጁ ቅጽ ላይም ፌዴሬሽኑ ማኅተም አድርጎ ይኸው ይጻፍለት። ወጪው የአንድ ማኅተም ቀለም ነው። እንግሊዞች የሰረዟቸውን ሦስት ጨዋታዎች እንኳ "የተሰረዙ" ብለው ጽፈው አስቀምጠዋል፤ የድሬክን አራት ግብ እኔ ዛሬ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ የማውቀው ለዚህ ነው።

ኳስ ተመለሰ ማለት ሰላም ተመለሰ ማለት ነው የሚሉኝን አላምናቸውም። ዛሬም ጥይት ያልቆመባቸው አካባቢዎች ልጆች ሊጉ ውስጥ እየተጫወቱ ነው፤ ኳሱ ያንን አላስቆመውም። በሌላ በኩል "ሬሳ ሳይቀበር ምን ኳስ" የሚሉትንም ሙሉ በሙሉ አልከተላቸውም። ለዚህ የምጠራው አንድ ጀርመናዊ አለ።

በርት ትራውትማን የሂትለር ጦር ፓራሹተኛ ነበር፤ በምሥራቁ ግንባር ተዋግቶ ተሸልሟል። እንግሊዞች ማርከው ላንካሸር አመጡት። ሲፈታ አልሄደም፤ እዚያው ቀርቶ ለአንድ ትንሽ ክለብ በረኛ ሆነ። በኦክቶበር 1949 ማንቸስተር ሲቲ አስፈረመው። ከተማው ነደደ፤ ቁጥሩ ሃያ ሺህ የሚባል ሰው ሰልፍ ወጣ፤ ማንቸስተር ብዙ አይሁዶች የሚኖሩባት ከተማ ናት። የቡድኑ አምበል ኤሪክ ዌስትዉድ ኖርማንዲ ላይ ከጀርመኖች ጋር የተዋጋ ሰው ነው፤ መልበሻ ክፍል ውስጥ ጦርነት የለም ብሎ ተቀበለው። የከተማዋ ረቢ አሌክሳንደር አልትማን ራሳቸው ከናዚዎች ሸሽተው የመጡ ሰው ናቸው። አንድን ሰው በሕዝቡ ኃጢአት አትፍረዱበት የሚል ይዘት ያለው ደብዳቤ በጋዜጣ አወጡ። በ1956 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ትራውትማን አንገቱ ተሰብሮ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ግቡን ጠብቋል፤ ሲቲ 3 ለ 1 አሸነፈ።

ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው በ1946 አይደለም። ሰልፉ ሳይወጣ፣ ቁጣው በይፋ ሳይነገር፣ መልሱም በይፋ ሳይጻፍ አልሆነም። ደብዳቤውም ሰልፉም በጋዜጣ ነበሩ። እኛ ሰልፉንም ደብዳቤውንም ዘለን ቀጥታ ወደ ጨዋታው ነው የገባነው።

ልጁን አዳማ ላይ ልንለያይ ስንል ጠየቅሁት። ከተመለስክ በኋላ በመጀመሪያው ጨዋታ የተቃራኒ ቡድን ተጫዋቾች ምን አሉህ? አንድ ተከላካይ፣ ከጦርነቱ በፊት በወጣት ቡድን አብሮት የነበረ፣ ሰልፍ ላይ ሲጨባበጡ እጁን ሳብ አድርጎ "እንኳን መጣህ" አለው። በሁለተኛው ደቂቃ ደግሞ ቁርጭምጭሚቱን ረገጠው። ዳኛው ዝም አለ። "ቢጫ ነበር" አለኝ፤ እስከ አሁን ይናደዳል።